አንበሴ ለምን እግሩን አያነሳም?

ጥያቄው የመጣው ከጅማ፣ ከቆጪ ሠፈር ነው። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ዶክተር፣ ከአንድ እናት በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ውሾች አሉን። ወንዱ አንበሴ፣ ሴቷ ቡኒ ይባላሉ። 11 ወር ሆኗቸዋል። አንበሴ እስከ ዛሬ እግሩን አንስቶ ሸንቶ አያውቅም። እንደ እህቱ ዝቅ ብሎ ነው የሚሸናው። የሠፈር ልጆች ‹ስሙን ቀይሩለት› እያሉ ያሾፉብናል። አባባ ደግሞ ወገቡ ተጎድቶ ነው ይላል። ይባስ ብሎ ባለፈው ሳምንት ቡኒ የጎረቤታችን የሐጂ አጥር ላይ አንድ እግሯን አንስታ ስትሸና አየናት። ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠብን። ለመሆኑ ወንድና ሴት ውሻ አሸናናቸው ለምን ተለያየ? የኛዎቹስ ታመው ይሆን?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አባባን አረጋጋልኝ። 11 ወር የሆነው ወንድ ውሻ እግሩን ባለማንሳቱ ብቻ ወገቡ ተጎድቷል አይባልም። እንዲያውም ጥያቄህን ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። ስለ እግሩ ብዙ ጻፍክ፤ ስለ ሽንቱ ግን አንድ ቃል የለም። እንዴት ነው የሚወርደው? በአንድ ጊዜ ነው ወይስ ጠብ ጠብ እያለ? ቀለሙስ? እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ከቧንቧው ልጀምር። የወንድ ውሻ ብልት ሆዱ ሥር ተጋድሞ ወደ ፊት ነው የሚያየው። ሽንቱም ወደ ፊት ይሄዳል። እንደ ሴት ውሻ ቁጢጥ ቢል የገዛ የፊት እግሮቹን ያጥባቸዋል። የሴቷ የሽንት መውጫ ደግሞ ከጅራቷ ሥር ነው፤ ወደ ኋላና ወደ ታች ይወርዳል። ቀጥ ብላ ብትሸና የኋላ እግሮቿ ይበሰብሳሉ። ስለዚህ ዳሌዋን ዝቅ ታደርጋለች።

አንበሴን ነገ ጠዋት ደህና አድርገህ እየው። እንደ እህቱ ነው ብለሃል፤ እኔ ግን አይመስለኝም። ቡኒ መቀመጫዋ መሬት ሊነካ እስኪል ቁጢጥ ትላለች። እሱ ግን ሰውነቱን ወደ ፊት ይለጥጣል፣ የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ ይተዋል፣ ወገቡን ትንሽ ሰበር ያደርጋል። የወንድ ቡችላ አሸናን ይኸው ነው። ከሩቅ ሲታይ የሴት ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሌላ ነው።

ታዲያ እግር ማንሳቱ ከየት መጣ? ብዙ ሰው «ቧንቧው ወደ ፊት ስለሆነ ነዋ» ብሎ ያልፈዋል። በሬም እኮ ቧንቧው ወደ ፊት ነው። እየሄደ ሲሸና ታየዋለህ እንጂ እግሩን አያነሳም። የጋሪ ፈረስም እንዲሁ። ቆም ይላል፣ እግሮቹን ከፈት አድርጎ ይለጠጣል፣ ይለቀዋል፣ ይሄዳል። የቧንቧው አቅጣጫ ብቻ እግር የሚያስነሳ ቢሆን ኖሮ ጅማ መርካቶ መሐል ፈረሱ ሁሉ አንድ እግሩን ባንጠለጠለ ነበር። ወንድ ውሻ ለምን ቁጢጥ እንደማይል ቧንቧው ይነግረናል። እግሩን ለምን እንደሚያነሳ ግን አይነግረንም።

ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ ብዬ አንድ የሠፈር ውሻ ተከትዬ አውቃለሁ። አዌቱ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ውሻው ቀይ፣ ጆሮው የተቀደደ፣ ባለቤት የሌለው ነገር ነው። ከሻይ ቤቱ ጥግ ጀመረ። የመብራት ፖል፣ የብሎኬት ክምር፣ የቆመ ባጃጅ፣ ደግሞ ፖል። ከአሥር ጊዜ በላይ እግሩን አነሳ። መጀመሪያ ላይ ፈሰስ ያለ ነገር ነበረው። በኋላ ጠብታ ሆነ። የመጨረሻዎቹ ላይ ምንም አልወጣም፤ ባዶውን ነው የሚያነሳው። የሽንት ፊኛው ባዶ ከሆነ ቆይቷል። እሱ ግን ሥራውን አልጨረሰም። ሻይ ቤት ውስጥ የነበሩት ሰዎች ውሻውን ትተው እኔን ማየት ጀመሩ። አይፈረድባቸውም።

ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። ውሻ ሁለት ዓይነት ሽንት አለው። አንዱ ፊኛን ለማራገፍ ነው። ጠዋት በሩን ስትከፍትለት ወጥቶ ረዘም አድርጎ የሚለቀው እሱ ነው። ሁለተኛው መልእክት ነው። ትንሽ ትንሽ ይወጣል፣ ቦታ ተመርጦ ይወጣል፣ መጀመሪያ ተሽትቶ ከዚያ ይሸናል። እግር የሚነሳው ከሁሉ በላይ ለዚህኛው ነው። ባዶ ፊኛ ይዞ እግር የሚያነሳ ውሻ ሽንት አይሸናም፤ እያሳየ ነው። ሌላ ውሻ ከሩቅ ቢያየው ምን እያደረገ እንደሆነ ይገባዋል።

ጎረቤት ቡና ላይ የሚለዋወጠውን ወሬ ውሾች ፖል ላይ ይለዋወጡታል። ማን አለፈ፣ ወንድ ነው ሴት፣ የምናውቀው ነው እንግዳ፣ ሴቷ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ደርሷል ወይ። ይህን ሁሉ ከሽንት ሽታ ያነቡታል። አፍንጫቸው ውስጥ ሽታ የሚቀበሉ ሕዋሳት ከ100 ሚሊዮን በላይ ናቸው። የሰው ጥቂት ሚሊዮን ብቻ ነው። ከዚያ በተጨማሪ በአፍንጫና በላንቃ መካከል ለእንዲህ ዓይነቱ ሽታ የተለየ ሌላ መቀበያ አላቸው። አንዳንድ ወንድ ውሻ የሴት ሽንት ሲያገኝ ላስ አድርጎ ጥርሱን ሲያንቀጫቅጭ አይተህ ይሆናል። በርዶት አይደለም። ሽታውን ወደዚያ መቀበያ እያደረሰ ነው።

አሁን መልእክቱን የት ብታስቀምጠው ይሻላል? መሬት ላይ ወይስ ግድግዳ ላይ? ጅማ ላይ ሆኖ ይህን ለመመለስ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ከሰዓት በኋላ የሚወርደውን ዝናብ አስበው። መሬት ላይ ያለው ከጭቃው ጋር ታጥቦ አዌቱ ይገባል። ግድግዳ ላይ ያለው፣ በተለይ ክዳን ከለል ያደረገው፣ ይቆያል። ንፋስም ያገኘዋል። ከሁሉም በላይ የሚያልፈው ውሻ አፍንጫ ልክ ላይ ነው። ጎንበስ ማለት እንኳ አያስፈልገውም።

ቁመቱ ራሱ ወሬ ነው። ትልቅ ውሻ ከፍ አድርጎ ይሸናል፣ ትንሽ ውሻ ዝቅ አድርጎ። ስለዚህ የሽንቱን ከፍታ ያሸተተ የባለቤቱን ቁመት ይገምታል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት በመጠለያ ያሉ ወንድ ውሾች ሲሸኑ በቪዲዮ ቀርጾ የእግራቸውን አነሳስ ለካ። ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ይልቅ እግራቸውን ወደ ላይ አብልጠው ያነሳሉ። ሽንታቸው ከቁመታቸው በላይ እንዲያርፍ ማለት ነው። አጥኚዎቹ ትንንሾቹ ስለ ቁመታቸው ይዋሻሉ ወይ ብለው ጠየቁ። እኔ በበኩሌ ይዋሻሉ ባይ ነኝ። ቡችዬ የምትሏት ድንክዬ ውሻ ግድግዳ ላይ ተገልብጣ ልትወድቅ ስትል ያየ ሰው አይጠራጠርም።

ልጆች ሳለን የሰማናት ተረት አለች። አህያ፣ ፍየልና ውሻ አውቶቡስ ተሳፈሩ። አህያዋ ሒሳቧን ከፍላ ወረደች። ፍየሏ ሳትከፍል አመለጠች። ውሻው ከፍሎ መልሱን ሳይቀበል መኪናው ሄደበት። ለዚህ ነው አህያ መኪና ሲመጣ ከመንገድ ንቅንቅ የማትለው፣ ፍየል የምትበረግገው፣ ውሻ መኪና እያባረረ የሚጮኸው። እኛ ሠፈር የነበሩ አንድ ጨዋታ አዋቂ አባት ግን ተረቱን እዚያ አይተዉትም ነበር። «ሲደርስበትም መልሱን አይሰጡትም፤ ስለዚህ ጎማው ላይ ይሸናበታል» ይሉናል። የሳይንሱ መልስ ከሳቸው ብዙም አይርቅም። ጎማ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ነው፤ ለአፍንጫ ይመቻል። ደግሞ ከሌላ ሠፈር የመጣ ነው። አጂፕ አካባቢ አንድ ውሻ ሸንቶበት ቆጪ ላይ የቆመ ባጃጅ ለአንተ ውሻ ያልተከፈተ ደብዳቤ ነው። ያነበዋል፤ ከላዩ ላይም ይመልስበታል። ውሻ የሌላው ሽንት ላይ ደርቦ መሽናት ይወዳል። ፖሉ ላይ ወረፋ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማርክ ቤኮፍ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በዚህ ጉዳይ ያደረገውን ሁሌም እወድለታለሁ። ጄትሮ የሚባል ውሻ ነበረው። በክረምት በረዶ ላይ የተሸናበትን ቢጫ በረዶ እየዛቀ ከቦታ ቦታ ያዛውር ነበር። የጄትሮን ሽንት፣ የሌሎች ውሾችንም። ከዚያ ጄትሮ ሲያልፍ የቱን አብልጦ እንደሚያሸት ሰዓት ይዞ ያያል። ይህን አምስት ክረምት ሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 አሳተመው። ጄትሮ የራሱን ሽንት ብዙም ሳያሸት ያልፋል፣ የሌሎቹ ላይ ግን ይቆያል። የራሱን ለይቶ ያውቃል ማለት ነው። ጅማ በረዶ ቢጥል እኔም እሞክረው ነበር። ሻይ ቤቱ ያሉት ሰዎች ያን ጊዜ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።

እስካሁን የነገርኩህ ምክንያቱን ነው። አንበሴ እስካሁን ለምን እንዳልጀመረ ለመረዳት ደግሞ ወደ ልደቱ መመለስ አለብን።

ቡችላ ሲወለድ በራሱ መሽናት እንኳ አይችልም። እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ እናቱ ከሆዱ ሥር ስትልሰው ነው የሚሸናው። እናቱ የሞተችበት ቡችላ የምታሳድጉ ካላችሁ ከእያንዳንዱ ወተት በኋላ ለብ ባለ ውኃ የራሰ ጥጥ ይዛችሁ ያን ሥራ መሥራት ግዴታችሁ ነው። ወተት ብቻ እየሰጡ «ሆዱ ተነፋብን» ብለው የሚመጡ አሉ። ከዚያ በኋላ ወንዱም ሴቷም በራሳቸው ይሸናሉ፣ ሁለቱም እግር ሳያነሱ።

የወንዱ አንጎል ግን ያን ጊዜ ተዘጋጅቷል። በተወለደበት ሰሞን ከቆለጡ የሚመነጨው ቴስቶስትሮን የሚባል የወንድ ሆርሞን አንጎሉ ላይ የወንድ መስመር ያሰምራል። መስመሩ ተሰምሮ ይቀመጣል፤ ሥራ ላይ የሚውለው ጎረምሳ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩ ሙከራዎች ይህን በደንብ አሳይተዋል። በልደት አካባቢ ቴስቶስትሮን የተሰጣቸው ሴት ውሾች አድገው እንደ ወንድ እግር ማንሳት ጀመሩ። ካደጉ በኋላ ብቻ የተሰጣቸው ግን እንደዚያ አልሆኑም። በሌላ በኩል ብዙ ወንድ ውሾች ከተኮላሹ በኋላም እግራቸውን ማንሳት ይቀጥላሉ። ልማድ ብቻ አይደለም፤ ቡችላ ሆነው የተኮላሹትም ብዙዎቹ አድገው ያነሳሉ። መስመሩ ቀድሞ ተሰምሯላ!

ይህን አስረዝሜ የማወራው አንድ ጥያቄ ስለሚደጋገምብኝ ነው። «ዶክተር፣ አኮላሽልኝና እግሩን ማንሳት ይተው» የሚሉኝ አሉ። አይተውም። ማኮላሸት የሚቀንሰው እግር አነሳሱን ሳይሆን እየዞሩ ምልክት ማድረጉን ነው። እሱንም በሁሉም ላይ አይደለም። ሌላ ጥቅም የለውም ማለቴ እንዳይመስልህ። ያልታሰበ ቡችላ ያስቀራል፤ ካረጀ በኋላ የሚመጣውን የፕሮስቴት እብጠትም ይከላከላል።

እግር ማንሳት የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የሚቀድም አለ፣ የሚዘገይ አለ። ትልቅ ሰውነት ያላቸው ዘሮች ዘግይተው ይጎረምሳሉ። ዕድሜ ልኩን ሳያነሳ የሚኖርም አለ፤ ልጅ ይወልዳል፣ ግቢ ይጠብቃል፣ ምንም አይጎድልበትም። የአንበሴ ነገር ደግሞ ከአስተዳደጉ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ከጥያቄህ እንደተረዳሁት ከእህቱ ጋር በአንድ ግቢ ነው ያደገው። መልእክት የሚጽፍለት የለም፤ የሚያሸተው የራሱንና የእህቱን ብቻ ነው። እንግዳ ሽታ ለወንድ ውሻ ትልቅ ቀስቃሽ ነው። ከግቢ ውጭ በገመድ ይዘህ አንድ ሁለት ሳምንት ብታዞረው ምናልባት ሳታስበው አንድ ቀን ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ሲንገዳገድ ሳቅ እንዳይዝህ። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር ይበቃዋል፤ ውሻ ግን እስኪለምደው ይቸገራል። የተሳሳተውን እግር የሚያነሳ፣ ከፖሉ ራቅ ብሎ የሚያነሳ፣ ተገልብጦ የሚወድቅ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ቡኒ። እሷም ምንም አልሆነችም። ሴት ውሻ መልእክት አትጽፍም ያለው ማነው? ብዙ ሴቶች ቁጢጥ ብለው ሳሉ አንዱን የኋላ እግር ከመሬት ከፍ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ ሽንቱ ወደ ጎን ይሄድና የፈለጉት ነገር ላይ ያርፋል። ይህን ከቤታቸው ሲርቁ ያበዙታል። ዱር ውስጥም እንዲሁ ነው። ተኩላዎች ዘንድ እግራቸውን እያነሱ የሚያመላክቱት በዋናነት መንጋውን የሚመሩት ወንድና ሴት ናቸው፤ ሌሎቹ ወንዶች እንኳ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ብለው ነው የሚሸኑት። የኛው ቀይ ቀበሮም በባሌ ተራሮች ማለዳና አመሻሽ ላይ ከቤተሰቡ ጋር ወሰኑን እየዞረ በሽንት ምልክት ያደርጋል። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አጭር እግር ያለው የጫካ ውሻ አለ። ሴቷ ለማመልከት የኋላ እግሮቿን ዛፍ ላይ ሰቅላ በፊት እግሮቿ ቆማ ነው የምትሸናው። ቡኒ እዚያ አልደረሰችም፤ አመስግኑ።

ነገር ግን የቡኒ ጉዳይ አንድ የሚያስቸኩል ነገር አለው። እዚህ ላይ ቀልዱን ተውኩት። ሴት ውሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ መፈለግ የምትጀምረው ብዙውን ጊዜ በስድስት ወርና በአንድ ዓመት መካከል ነው። 11 ወር ሆኗታል። ያ ጊዜ ሲቃረብ ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ መሽናት ትጀምራለች፤ የማታደርገውን ቦታ መምረጥና እግር ማንሳት ታመጣለች። ዜናውን እየበተነች ነው። ብልቷ ካበጠ፣ ደም የመሰለ ፈሳሽ ካየህ፣ ደጃፋችሁ ላይ የማታውቃቸው ወንዶች ከተኮለኮሉ ደርሷል ማለት ነው። ሁኔታው ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ይቆያል። አንበሴ ወንድሟ ነኝ ብሎ አይተዋትም። ውሻ ይህን አያውቅም። እግሩን ማንሳት አለመጀመሩም ለማስረገዝ አያግደውም። ለይታችሁ አስቀምጧቸው፤ በገመድ ሳይሆን በበር። ከተገናኙ ከሁለት ወር በኋላ፣ 63 ቀን ገደማ፣ የወንድምና የእህት ቡችሎች ይኖሯችኋል።

ወደ ሽንቱ ልመለስ። ለምን እንደጠየቅኩህ በራሴ ስህተት ልንገርህ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው ትልቅ ወንድ ውሻ ይዞ መጣ። «ቀኑን ሙሉ እግሩን ያነሳል፣ ፖል አያልፍም» አለኝ። ሳቅ አልኩና «ጎረምሳ ነው፣ ሠፈር እየያዘ ነው» ብዬ ሸኘሁት። ሦስተኛው ቀን ተሸክመውት መጡ። ያስታውካል፣ መቆም አቅቶታል። ሆዱን ስዳብሰው ፊኛው እንደ ኳስ ተወጥሯል። ያ ሁሉ እግር ማንሳት መልእክት አልነበረም። መሽናት አቅቶት እየሞከረ ነበር።

ጠጠር ነው የዘጋው። ወንድ ውሻ ብልቱ ውስጥ አጥንት አለው። የሽንት ቧንቧው በዚያ አጥንት ሥር ባለ ቦይ ያልፋል። ሌላው ቦታ ላይ ቧንቧው ሊለጠጥ ይችላል፤ እዚያ ግን አጥንቱ አያላውሰውም። ከፊኛ የወረደ ጠጠር መጥቶ ከአጥንቱ ኋላ ይቀረቀራል። የሴቷ ቧንቧ አጭርና ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ጠጠር ሾልኮ ይወጣላታል። አጭርነቱ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ጀርም ከውጭ ወደ ፊኛ ለመግባት መንገዱ ቅርብ ነው። ለዚህ ነው የፊኛ ኢንፌክሽን ሴቶቹን የሚያበዛባቸው።

ያን ውሻ ቀጭን ቱቦ አስገብተን፣ ውኃ በግፊት እየለቀቅን ጠጠሩን ወደ ፊኛ መለስነው። በኋላ ፊኛው ተከፍቶ ወጣለት። ዳነ። እኔ ግን ባለቤቱን ቀና ብዬ ለማየት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ እግር የሚያወራ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ «ወጣ ወይ? ምን ያህል ወጣ?» ነው የምለው።

ስለዚህ አንበሴን ለጥቂት ቀን እንዲህ እየው። ጠዋት የመጀመሪያው ሽንት በአንድ ፍሰት ከወረደ፣ ከጨረሰ በኋላ ዞር ብሎ ከሄደ ደህና ነው። ቢያምጥ፣ ጠብ ጠብ ቢል፣ ደም ቢያሳይ፣ ብልቱን እየደጋገመ ቢልስ አምጣው። እየሞከረ ምንም ካልወጣው ግን ነገ አትበል። በዚያው ሰዓት አምጣው። ሌሊትም ቢሆን።

አባባ ያለውን የወገብ ጉዳይም ጨርሶ አልጥለውም፤ የእድሜው ጉዳይ ነው እንጂ። ለዓመታት እግሩን ሲያነሳ የኖረ ውሻ አርጅቶ ድንገት ዝቅ ብሎ መሽናት ከጀመረ ያኔ ወገቡን፣ ዳሌውንና ጉልበቱን እናያለን። በሦስት እግር መቆም አሞት ይሆናል። ጀምሮ የተወና ጨርሶ ያልጀመረ አንድ አይደሉም። አንበሴ ሲሮጥ፣ ሲዘል፣ ከተኛበት ሲነሳ ካላነከሰ ወገቡን ተዉለት።

አንድ ነገር ደግሞ ራስህ አረጋግጥ። ቆለጦቹ ሁለት መሆናቸውን ዳብሰህ እይ። በሁለት ወር አካባቢ መውረድ ነበረባቸው፤ በ11 ወር አንዱ ብቻ ከተገኘ ሌላው ሆድ ውስጥ ወይም ብሽሽቱ ላይ ቀርቷል። ሆድ ውስጥ የቀረው ቴስቶስትሮን ማመንጨቱን አያቆምም፤ ስለዚህ እግር ባለማንሳቱ ተጠያቂ አይደለም። ግን እዚያው እንዳለ ካረጀ ወደ ዕጢ የመለወጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

የሐጂ አጥርስ? ይህን ቀላል አድርገህ እንዳታየው። ሰውዬው የሶላት ጉዳይ አለባቸው፤ ስለ ጠሃራው፣ ማለት ስለ ሃይማኖታዊ ንጽሕናው፣ እሳቸው ያውቃሉ፤ እኔ የማወራው ስለ ሽታው ነው። ሽታው ካልጠፋ ቡኒ ትመለሳለች፤ ብቻዋንም አትመጣም። እርጥብ እንዳለ በብዙ ውኃ እጠበው፣ ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ በውኃ የቀጠነ አቼቶ አፍስበት። በረኪና አትጠቀም። የቆየ ሽንት አሞኒያ አለው፤ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። ስታጥብ እጅህን ሸፍን፤ ባዶ እግርህንም አትሁን። ሌፕቶስፒሮሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ ከታመመ ውሻ ሽንት ወደ ሰው ይተላለፋል፣ እርጥብ ቦታም ይመቸዋል። ጅማ ደግሞ እርጥበት አይቸግራትም። ቡኒን አትምታት፤ የምታተርፈው አንተ ሳታይ መሽናቷን ነው። ይልቅ ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ጉቶ ወይም ወፈር ያለ እንጨት ትከሉላቸው። እዚያ ላይ ይጻጻፉ።

ስትመጣ ሽንት ይዘህልኝ ና። የጠዋቱ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ንጹሕ፣ የታጠበና የደረቀ ዕቃ ውስጥ፣ ከተሸና ቢበዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ። እግር ከሚያነሳ ውሻ መቀበል ቀላል ነው፤ ከጎን ኩባያ ትደቅናለህ። ዝቅ ከሚሉት ግን መከራ ነው፤ እጅህን ሲያዩ ያቋርጣሉ። ጭልፋ እንጨት ላይ አስረህ ከኋላ ቀስ አድርገህ አስገባ፤ መሐል ላይ ያለውን ተቀበል። ጭልፋውን ግን መልሰህ ወጥ ቤት እንዳታስገባው። አንድ ደንበኛዬ ይህን ሳልነግረው ረስቼ እናቱ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም።